የባልሽ ሙሉ ስም

ስሟን አማቷ አንድ ጊዜ ነግረውኛል፤ እዚህ አልጽፈውም። ከእጃጂ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር ሴት ናት። ትውልዷ ጊንጪ ነው፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፣ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ይኸው፣ ስሟን ሳልጠራ እንኳ የሰፈሯ ሰው ይህን ቢያነብ ማን እንደሆነች ይገባው ነበር። ስለዚህ ከነገርኳችሁ ውስጥ አንዳንዱን ሆን ብዬ ለውጬዋለሁ። የትኛውን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ አለቃዬም ጠይቀውኝ አልነገርኳቸውም።

ይህቺ ሴት ከባሏና ከአማቷ ተደብቃ የሦስት ወር መርፌ ትወጋለች። እነሱ ወንድ ልጅ ይጠብቃሉ። ቢታወቅባት ወደ ጊንጪ ይመልሷታል፣ ልጆቿ ግን እዚያው ይቀራሉ። የእኔ ሥራ እሷን በጥናታችን ውስጥ መቁጠርና ማንም እንዳያገኛት ማድረግ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ ቀላል ነው። ሁለቱን አብሮ ለማስኬድ ግን ከብዙ ሰው ጋር ተናቁሬያለሁ፤ ዛሬም አይጸጽተኝም።

ስታቲስቲክስ ነው የተማርኩት። አምቦ ውስጥ ይህን ስናገር ሰው ወይ ያዝንልኛል፣ ወይ የልጁን የሒሳብ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ከጊንጪ እስከ እጃጂ በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞችና ቀበሌዎች የሴቶችን ጤና በሚያጠና ቡድን ውስጥ እሠራ ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ታብሌት ይዘው ቤት ለቤት እየሄዱ ይጠይቃሉ። መልሱ አምቦ ወዳለው ቢሯችን ሲመጣ እኔ አጸዳዋለሁ፣ እመረምረዋለሁ። የጥናቱን ኃላፊ ሁላችንም ዶክተር እያልን ነበር የምንጠራቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ቀልድ ይወዳሉ፣ የሥራው ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ግን አይቀመሱም።

ከጥያቄዎቹ አንዱ «ባለቤትሽ ሳያውቅ የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ?» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ዙር መረጃ ሲገባ ያን ዓምድ ከፍቼ አየሁት፤ ጥርሱ የረገፈ አፍ ይመስላል። እዚህ አንድ መልስ፣ ከዚያ ባዶ፣ ባዶ፣ እንደገና አንድ መልስ። ዶክተር ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩት።

«ባዶው ምን ያስቸግርሻል? የማትጠቀመው ናት ዝም ያለችው። ‹አይ› ብለሽ ሙዪውና እንለፍ» አሉኝ።

«‹አይ› ያለችማ ‹አይ› ብላለች፣ ይኸው ተጽፏል። ይቺ ግን ምንም አላለችም።»

«እንግዲያው አውጫት።»

ቆሽቴ አረረ። ያላለችውን ቃል አፏ ውስጥ መጨመር አንድ ነገር ነው፤ ጭራሽ አልነበረችም ማለት ደግሞ ሌላ። ባዶ ቦታ ከመሙላታችን በፊት ለምን ባዶ ሆነ ብለን መጠየቅ አለብን። የታብሌቱ ባትሪ አልቆ ከሆነ የቀረው፣ ችግር የለም፣ የመለሱት ሴቶች ባልመለሱት ፈንታ መናገር ይችላሉ። መልሷ የሚያስፈራ ሆኖባት ዝም ብላ ከሆነ ግን የመለሱት ሊወክሏት አይችሉም። በዚያች ሴት ፈንታ «አይ» ብሎ መጻፍ መፍራቷን ብቻ ሳይሆን መኖሯንም መካድ ነው። ይህን ለዶክተር ስነግራቸው ሰዓታቸውን አዩ።

ባዶዎቹን ከሌላው መረጃ ጋር እያስተያየሁ ስፈልግ አንድ ነገር ወጣ። በዕድል የወደቁ አይደሉም። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ከባላቸው ጋር ብቻ የሚኖሩት፣ አዎም ይሁን አይ፣ መልሰዋል። ዝም ያሉት በባላቸው ወላጆች ግቢ የሚኖሩት ናቸው። የሚገርመው፣ የእነዚሁ ሴቶች የመጀመሪያው ገጽ ከሁሉም የበለጠ የተሟላ ነው፤ የባል ስም፣ የባል አባት፣ የባል አያት፣ አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ቅድመ አያት ድረስ። ስም በዚህ ሁሉ ትጋት የሞላ ቤት ለምን ከዚያ በኋላ አፉን ይዘጋል? ቢሮ ተቀምጬ ሊገባኝ አልቻለም። ባዶ ከተመዘገበባቸው ቤቶች አንዱን መርጬ፣ እንደገና ሲጠየቅ ዓይኔ እያየ ልቀመጥ ብዬ ወሰንኩ።

ከአምቦ መናኸሪያ ከአንዷ መረጃ ሰብሳቢ ጋር በሚኒባስ ወጣን። አስተዳደጓ የሚያስቀና ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም። የሄድነው ወደዚያች የጊንጪ ሴት ቤት ነበር። ያን ጊዜ ለእኔ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበረች። በረንዳው ላይ በርጩማ አወጣችልን፣ አጠገባችን ተቀመጠች፣ ልጅቷም ታብሌቷን ከፍታ ከላይ ጀመረች።

«የባልሽ ሙሉ ስም፣ እስከ አያት።»

ሴትየዋ ሳቅ ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። መረጃ ሰብሳቢዋ ጥቂት እንኳ አልተደናገረችም። ወደ ቤቱ ዞር ብላ ጠራች፦ «ሃርሜ፣ ኑ እስቲ እርዱን።» ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ የጠራችው አማትየዋን ነው።

እኔም አምቦ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በአገራችን በጋብቻ የገባች ሴት የባሏን አባትና የባሏን ታላላቆች ስም አትጠራም፤ ለጉ ይሉታል። አለማወቅ አይደለም፣ አክብሮት ነው። የእኔ እናት አያቴን እስኪሞቱ ድረስ «የትልቁ ቤት ሰው» ነበር የምትላቸው፤ ቀበሌ ሄዳ ስማቸውን ስትጠየቅ ወንድሜ ነበር የሚናገርላት። መረጃ ሰብሳቢዋም አማትየዋን የጠራችው ሴትየዋ እንዳታፍር ብላ ነው። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ያንኑ ነበር።

አማትየዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። አከም ጂርቱ ተባባልን፤ የእኛን፣ የቤተሰቦቻችንን፣ የአምቦን ደህንነት ጠይቀው ሲጨርሱ ተቀመጡ። የልጃቸውን ስም ነገሩን። የባላቸውን ስም እንደ ማፈርም እንደ መሳቅም ብለው ተናገሩት። አያት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አያት የተባሉት ለእሳቸው አማት ናቸዋ። ከሞቱ ዘመን የላቸውም፣ ቢሆንም አይጠሩም። በአጥሩ በኩል የባላቸውን ወንድም ተጣሩ። ሰውየው በሬውን ችካል ላይ አስሮ መጣ፣ የአባቱን ስም ተናገረ፣ ኮራ ብሎ ማንም ያልጠየቀውን ቅድመ አያቱንም ጨመረበት፣ ከዚያ እሱም ተቀመጠ። እንግዳ ጥሎ የሚሄድ ሰው እዚያ አገር የለም። አማትየዋም እግረ መንገዳቸውን የቤቱን ሰው ስም በሙሉ ዘረዘሩልን፣ የምራታቸውንም ጭምር።

ያ ጥያቄ ጋ ስንደርስ ሴትየዋ በአማቷና በባሏ አጎት መሃል ተቀምጣለች። መረጃ ሰብሳቢዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። ሴትየዋ የቀሚሷን ጫፍ እያየች «ይለፈኝ» አለች። ታብሌቱ ባዶውን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደ።

እዚያው ተነስቼ መጮህ አማረኝ። መረጃው ቢሮ እንደገባ መጀመሪያ የማደርገው ስሞቹን ቆርጦ መጣል ነው። «ስምሽ የትም አይወጣም» ብለን ምለን ነው ጥናቱን የምንጀምረው። ልንጥለው የምንጠይቀው ስም ነው ያን ቤት በጆሮ የሞላው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልጅቷ ፊቴን አይታ «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። «ምንም። ጨዋ ሆንሽ እንጂ» አልኳት፤ ሳይገባት አምቦ ደረስን።

ለዶክተር ስም ከመጠይቁ ይውጣ ስላቸው ሳቁብኝ።

«ስም የሌለው መጠይቅ የት አገር ነው ያየሽው?»

«እዚሁ ቢሮ። ስሙን የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ የሚያዩት ስም የሌለውን ነው።»

ትንሽ አሰቡበትና «አንቺ ልበ ደረቅ ነሽ፣ ሂጂ አድርጊው» አሉኝ። ይህን እንደ ፊርማ ቆጥሬ ወጣሁ። በስሙ ቦታ ለየቤቱ ቁጥር ሰጠን፤ ስለ ሰዎቹ የምንጠይቀው ዝምድናቸውን ብቻ ሆነ። ከዚያም አንድ ቤት ሁለት ሆነን መግባት ጀመርን። አንዷ ቤት ውስጥ አማትየዋን ስለ ራሳቸው ጤና ትጠይቃለች፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሳላቸው፣ ስለ ወለዷቸው ልጆች። ትልልቅ ሴቶችን ስለ ራሳቸው የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝምና ደስ እያላቸው ረጅም ይናገራሉ። ሌላዋ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከምራትየዋ ጋር ግቢ ውስጥ ትቀመጣለች። ባዶ የነበሩትን ቤቶች በሙሉ እንደገና ዞርናቸው።

ወደዚያ ቤት የሄድኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ከዚያችው ልጅ ጋር። እሷ ከአማትየዋ ጋር ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ የአማትየዋ ሳቅ ከውስጥ ተሰማን። እኔና ሴትየዋ ግቢው ጫፍ ላይ እንሰቱ አጠገብ ተቀመጥን። የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው፣ እዚህ በአማርኛ የምጽፈው። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ያ ጥያቄ ጋ ስደርስ ወደ በሩ አየች፣ ቀጥላ ወደ እኔ አየችና «አዎ» አለች።

አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። ጎረቤቷ ያለው ጤና ኬላ የምትሠራው የባሏ የአክስት ልጅ ስለሆነች፣ በገበያ ቀን ዕቃ ልገዛ ብላ አምቦ ድረስ ትሄዳለች። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ እጅ ቢዳብሰው ይታወቅብኛል ብላ መርፌውን መረጠች። የመጨረሻዋን ስትወልድ ልትሞት ነበር፤ ሌላ መውለድ አልፈለገችም፣ ይህን ግን እዚያ ቤት የምትነግረው ሰው የላትም።

«ካወቁ ወደ ጊንጪ ነው የሚመልሱኝ። ልጆቹን አይሰጡኝም» አለችኝ። «እርስዎ ለማን ነው የሚናገሩት?»

«ለሁሉም እናገራለሁ። አንቺ መሆንሽን ግን ለማንም አልናገርም።»

ይህን መዘነችው። «እኔ ብቻ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ ከሷ አልጠበቅኩም ነበር። አይደለሽም ልላት ፈለግኩ፣ ግን ሥራው ገና አላለቀም፣ ቢያልቅም የጎረቤቷን መልስ ለእሷ መንገር አልችልም። «ስንጨርስ ተመልሼ እነግርሻለሁ» አልኳት። «ለብቻሽ ግን አይደለም፣ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ነው። ያን ቀን እንደማላውቅሽ እሆናለሁ።»

«እኔም» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

የኋለኛው መረጃ ከመጀመሪያው ሌላ ሆኖ መጣ። ባዶው አብዛኛው ተሞልቷል፣ ያውም በ«አይ» ብቻ አይደለም። አንዳንድ ቤቶች ግን መንገዱ ለረጅም ጊዜ ስለተዘጋ ዳግም ሳንደርስባቸው ቀርተዋል። ዶክተር አሁንም በእነዚህ ላይ «አይ» እንድጽፍ ይፈልጉ ነበር። እኔ ሌላ መንገድ ሄድኩ። በዕድሜ፣ በኑሮና በቤተሰብ የሚመስሏቸው ሴቶች ዳግም ሲጠየቁ የሰጡትን መልስ እያየሁ ገመትኩላቸው፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሜ፣ በየጊዜው ትንሽ በተለየ ግምት። ግምቶቹ ተቀራርበው ሲመጡ ልቤ ይሞላል፤ ሲራራቁ ደግሞ መራራቃቸውን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

«ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?» አሉኝ ዶክተር።

«አላውቅም። ምን ያህል እንደማላውቅ ግን ይኸው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን አልከለከሉኝም። እኔም አበቃ ብዬ እፎይ ልል ስል የሠንጠረዡ ነገር መጣ።

የድጋፍ ደብዳቤ ከጻፈልን መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ውጤቱን በየቀበሌው ተከፋፍሎ እንዲሰጠው ጠየቀ። ክፋት የለውም፤ የትኛው ጤና ኬላ እገዛ እንደሚያስፈልገው ማወቅ ነው የፈለገው። ዶክተር በሌላ ሰው አሠርተው የላኩልኝን ሠንጠረዥ ከፈትኩት። በእሷ ቀበሌ፣ ከሌላ ቦታ መጥተው የተዳሩ፣ ተደብቀው የሚጠቀሙ በሚለው ሳጥን ውስጥ «1» የሚል ቁጥር አለ። እዚያ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሠንጠረዡን ይዤ ወደ ዶክተር ክፍል ሄድኩ።

«ስም የለበትም እኮ» አሉኝ።

«እጃጂ ውስጥ ሰው ለማወቅ ስም ማን ይፈልጋል? ይህ ወረቀት መጨረሻ የሚደርሰው የጤና ኬላዋ ሠራተኛ እጅ ነው። ሠራተኛዋ የባሏ የአክስት ልጅ ብትሆንስ?»

«በቃ፣ ቁጥሩን አጥፍተሽ ሰረዝ አድርጊበት።»

ሰረዙን አደረግኩና ወረቀቱን ፊታቸው አኖርኩት። «የመስመሩ ድምር ዳር ላይ አለ። ከድምሩ ላይ የሌሎቹን ሳጥኖች ቁጥር ይቀንሱ» አልኳቸው። በእስክሪብቶ ቀነሱት። አንድ ሲቀራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ እሷን እናውጣት። አንድ ሰው ምን ይለውጣል?»

ድምፄን ከፍ ያደረግኩባቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ዶክተር፣ ይቺን ሴት አንድ ጊዜ ባዶ አድርገናት ነበር። አውቃ፣ ፈርታ፣ እኛን አምና መለሰች። ሁለተኛ ባዶ አላደርጋትም። ከወጣች እኔም አብሬ እወጣለሁ።» ዶክተር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በመንገዱ ዳር ያሉትን ጎረቤት ቀበሌዎች አንድ ላይ አጣመርኳቸው። ዕድሜን በሰፊው ከፈልኩት። ከየት መጥታ ተዳረች የሚለውን ጨርሶ አወጣሁት። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የቀረውን እየደመርኩና እየቀነስኩ ልይዛት ሞከርኩ፣ ራሴ እንደ ጠላት ሆኜ። መጨረሻ ላይ ሳጥኗ በሌሎች ሴቶች ተሞላ፤ የት ጋ እንዳለች እኔም ከሠንጠረዡ ማግኘት አቃተኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው።

ባለሙያው ግን ከፋው። «የት እንደሆነ ካላወቅኩ ምን ልሥራበት?» አለኝ።

«ሴቶች ጎረቤታቸው ያለውን ጤና ኬላ አልፈው ሩቅ እየሄዱ እንደሆነ አሁን አወቅክ። ለምን እንደሚያልፉት መጠየቅ ትችላለህ። እነማን እንደሆኑ ሳታውቅ የምትሠራው ብዙ ነው።» አኩርፎ ወሰደው። ጥሬውን መረጃ እንድሰጠው ደጋግሞ ደወለልኝ፤ እኔም ደጋግሜ አልሰጥም አልኩት።

ውጤቱን ለነዋሪው ለመንገር የሄድነው የቀበሌው አዳራሽ ነው። ሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። አማትየዋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ምራታቸው፣ ትንሿን ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ። አማትየዋ ገና ሲያዩኝ «ኢንተላ ኮ!» ብለው ተነሱ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ አቅፈው ሳሙኝ።

«ያን ቀን እኔን ከዚያች ልጅ ጋር አስቀምጠሽ፣ ከዚች ጋር ምን ስታወሩ ነበር?» አሉኝ እየሳቁ፣ ምራታቸውን በክርናቸው ጎሸም አድርገው።

«የጠየቅነው ሰው ብዙ ነው፣ ሃርሜ። መልሱ ሁሉ ተደባልቆብኛል» አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ እንዲደባለቅ ስንት ጊዜ ነው የሠራሁት። ሴትየዋ የልጇን ፀጉር ትዳብስ ነበር፣ ቀና አላለችም።

ተራዬ ሲደርስ ቁጥር አላበዛሁም። አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ቀበሌዎች ባለቤታቸው ሳያውቅ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶች እንዳሉ ተናገርኩ። «አንድ ሁለት አይደሉም። ብዙ ናቸው» አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ። አማትየዋ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው «እኛ ጋ ግን የለም» አሉና ወደ ምራታቸው ዞሩ፦ «አለ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሃርሜ» አለች።

ከዚያ እጇን አወጣች። አይታኝ እንደማታውቅ ሰው ነበር የምታየኝ። «ይቅርታ፣ ብዙ ናቸው ሲሉ፣ ሁሉም ተቆጥረዋል? ሳይቆጠር የቀረ የለም?»

«ጠይቀን የመለሰ በሙሉ ተቆጥሯል» አልኳት። «አንድም ያወጣነው ሰው የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ሴት ሌላ ጥያቄ አነሳች፣ እኔም ወደ እሷ ዞርኩ። በመሃል ዓይኔን መለስ ሳደርግ ሴትየዋ ልጇን አቅፋ ወደ ኋላ ዞራለች። አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ የትኞቹ እንደሆኑ ለመለየት ነው። አንዷን ስታይ ቆየች፣ ተወቻት፣ ወደሚቀጥለው አግዳሚ አለፈች። እስከ በሩ ድረስ አየቻቸው። መለየት አልቻለችም። ፊቷ ፈክቶ ወደ ፊት ተመለሰች፤ አማቷም ትንሿን ልጅ ከጭኗ ላይ ተቀበሏት።